ከጦሳ ሥር ወደ ቴፒ ጫካ፦ በጎ ፈቃደኛው ሳይታመም እንዲደርስ

ሰኔ ተጋምሶ ፈተና ሲያልቅ በጦሳ ተራራ ሥር ባለችው ደሴ ላይ የክረምት በጎ ፈቃድ ወሬ ይነሣል። የአብዛኛው ሰው ሥራ እዚያው ከተማው ውስጥ ነው፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ፣ ችግኝ መትከል፣ ደም መለገስ። ራቅ አድርጎ የሚያስብ ቡድን ግን አይጠፋም። ሁለት ሦስት ነርሶች፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ መምህራንና ተመራቂ ተማሪዎች ይሰባሰቡና ሐኪም ወደማይበዛበት አገር እንሂድ ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ሐሳባቸው የሚያርፈው ደቡብ ምዕራብ ላይ ነው፤ ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ቴፒ፣ ማሻ፣ ከዚያም አልፎ የማጃንግ ጫካ ውስጥ ያለችው ሜጢ።

ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው። ታምሞ የደረሰ በጎ ፈቃደኛ ሊረዳው የሄደውን ሰው አልጋ ይይዛል፤ ጥቂት አልጋ ባላት ጤና ጣቢያ ሁለት ትኩሳታም እንግዳ ማስተኛት ከባድ ነው። ስለዚህ ከደሴ መናኸሪያ እስከ ቴፒ ያለውን መንገድ በደህና መጨረስ ራሱ የአገልግሎቱ አካል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ፍላጎትና ስለ ቅንነት የሚጻፈው ብዙ ስለሆነ፣ እዚህ የምዘረዝረው ስለ ጭቃው፣ ስለ አጎበሩ፣ ስለ ደብዳቤውና ስለ ወሩ ነው።

ወሎና ያ ጫካ ደግሞ እንግዳ አይደሉም። በ1977 ድርቅ ጊዜ ደርግ ባካሄደው ሰፈራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነበር። ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ወለጋ፣ ጋምቤላ፣ መተከል ወርዶ የቀረ አጎት ወይም አክስት የሌለው ቤት ደሴና አካባቢዋ ብዙ አይገኝም። ከደጋ ተነሥቶ ቆላ የገባውን ያን ሰው ክፉኛ ከጎዱት ነገሮች አንዱ ወባ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ወባ ከሌለበት ከፍታ የመጣ ሰውነት በሽታውን የሚለማመድበት ጊዜ አላገኘም። ዛሬ በፈቃዱ የሚሄደው የደሴ ልጅም በዚህ በኩል ከዚያን ጊዜው ሰፋሪ አይለይም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቴፒ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት። የኮምቦልቻ ልጅ ትንሽ ይሻላል፤ ከተማው ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ወባን ያውቀዋል፣ አጎበርም ለምዷል። መተዋወቁ ግን ከበሽታው አያስጥልም።

በመጀመሪያ ወሩን ምረጡ። ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። በጎ ፈቃደኛው ነፃ የሚሆነው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ እነዚህ ሁለት ወራት ደግሞ ወደዚያ ጫካ ለመግባት ከሁሉም የከፉ ናቸው። እኛ ጋ ዋናው ክረምት በእነዚህ ሁለት ወራት ተጠቃልሎ ስለሚያልፍ፣ ሌላውም አገር እንዲሁ ይመስለናል። በሸካና በከፋ ዝናቡ መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የማሻ አካባቢ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይዘንብበታል። ሐምሌ ላይ መሬቱ ከ4 ወር ዝናብ በኋላ ጠግቦ የሚያድርበት ነው፤ ከአስፋልት የወጣ መኪና እንደሚገባ እንጂ እንደሚወጣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ዝናቡ እየቀነሰ መስከረም ሲጠባ ሌላ ችግር ይመጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የወባ ዋና ወቅት ነው። በዚያው ላይ ቡናው ይቀላል፤ ቤተሰብ በሙሉ ለቀማ ላይ ነው። የዓይን ምርመራ ወይም የሕፃናት ክትትል ቀን ብታውጁ የሚመጣላችሁ ሰው ጥቂት ነው፤ የዓመቱ ገቢ ዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ እናትየዋ ግማሽ ቀን ሙሉ ወረፋ እንድትጠብቅ መጠየቅ አይገባም። የሚመቹት ጥርና የካቲት ናቸው። መንገዱ ደርቋል፣ ቡናው ተሰብስቧል፣ ወባውም ጋብ ብሏል። ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። መምህሩ ግን የሴሚስተር ዕረፍት አለው፤ የጤና ባለሙያውም የዓመት ፈቃዱን ወደ ጥር ማዞር ይችላል። አሥር ቀን በጥር የሚሠራው ሥራ፣ ግማሹ በጭቃ ከሚባክን አንድ ወር ሐምሌ ይበልጣል። ተማሪዎቹ በክረምት እዚሁ ወሎ ውስጥ ቢያገለግሉ ለሁሉም የተሻለ ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ገደማ፣ ከጅማ ቦንጋ ከ100 ትንሽ በለጥ የሚል፣ ከቦንጋ ሚዛንም እንዲሁ፣ ከሚዛን ቴፒ 50 አካባቢ። ሲደመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 4 ቀን መድቡ፣ አምስተኛ ቀን ለመጠባበቂያ ያዙ። በ3 ቀን ጨርሰናል የሚሉ አሉ፤ የሚጨርሱት በሌሊት በመንዳት ነው፣ እሱን ደግሞ በፍጹም አልመክርም።

የመጀመሪያው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ በመድረስ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን ማታውኑ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ "መንገዱ ሰላም ነው?" የሚለው። ከኮምቦልቻ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋሮቢት በኩል ያለው መስመር የተዘጋበት ጊዜ ስላለ፣ ከከተማው አስተባባሪም ከሹፌሮችም ሳትሰሙ አትነሡ። ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ፤ ጉምና ብርድ ስለሚጠብቃችሁ ጃኬቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ከተጫነው ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን። ሁለተኛው ቀን ግቤ በረሃ ወርዶ መልሶ ይወጣል። በአንድ ጉዞ ውስጥ ይህን ያህል መውጣትና መውረድ ስላለ የሚያስመልሰው ሰው ብዙ ነው፤ ፊት ለፊት አስቀምጡት፣ ጠዋት ቀለል ያለ ነገር ይብላ፣ ፌስታል ይያዝ።

አቅም ካለ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ በአውሮፕላን ሄዶ ሁለት ቀን መቆጠብ ይቻላል። የሻንጣ ክብደት ስለሚገደብ ግን ዕቃው በመኪና ቀድሞ መነሣት አለበት፤ ሰውና ዕቃ ሲለያዩ ደግሞ ከዕቃው ጋር አንድ ኃላፊ መሄድ አለበት።

እስከ ቴፒ ያለው መስመር በአውቶቡስና በአባዱላ የሚሄድ ነው። ችግሩ ከከተማው ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ ይጀምራል። እዚህ ላይ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ሹፌሩን ከዚያው ቅጠሩ። የደሴ ሹፌር ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ጣርማበርን በጉም ማለፍ ያውቃል፤ በዚህ ማንም አይስተካከለውም። ቀዩ ጭቃ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ላይ ላዩ ጥቂት ጣት ያህል ውኃ ጠጥቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ደግሞ ጠንካራ ነው። ጎማው ሲሽከረከር ጥርሱ በጭቃ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ነዳጅ በሰጠኸው ቁጥር ከመሄድ ይልቅ መቆፈር ይጀምራል። ፍሬን መያዝም ቁልቁለት ላይ ጎማውን ይቆልፍና መኪናውን ወደ ቦዩ ያንሸራትተዋል።

ከዝናብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት መጠበቅ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ የተሻለ መላ ነው፤ ተዳፋቱ ውኃውን ቶሎ ያወርደዋል፣ ፀሐይ ከወጣች ላዩ ይጠነክራል። መሄድ ግድ ከሆነ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወይም ከ40 ፒኤስአይ ወደ 22 እና 25 መካከል ዝቅ ማድረግ ነው፤ ጎማው ተንጣሎ መሬት በሰፊው ይይዛል። ይህን የሚያደርግ መኪና ግን መንፊያ ፓምፕ መያዝ አለበት፤ በረገበ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት መንዳት ጎማውን አግሎ ያፈነዳዋል። ተሳፋሪው ይውረድ፣ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ ሳይቆም ሳይፈጥን ይሂድ። ከተቀረቀረ ነዳጅ መስጠት ወዲያው ይቁምና ከአራቱም ጎማ ፊት ያለው ጭቃ በአካፋ ይጠረግ፣ ድንጋይ ይነጠፍ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ 20 ሜትር ወፍራም ገመድ፣ ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ አንድ ክሪክ፣ ከክሪኩ ሥር የሚደረግ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው የእንጨት ጣውላ። ጣውላው የሚረሳ ዕቃ ነው። ያለ እሱ ክሪኩ መኪናውን ከማንሣት ይልቅ ራሱ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አታንጥፉ። ጫካው ባለቤት የሌለው መሬት አይደለም፤ ከዛፉ ሥር ያለው ቡና የሰው ነው፣ ከላይ የተሰቀለው ቀፎም የሰው ነው። የከፋ ጫካ በ2010፣ የሸካ በ2012፣ የማጃንግ በ2017 (ሁሉም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው የተመዘገቡ ናቸው። ለመርዳት የመጣ እንግዳ ገና ሳይደርስ የሰው ጥላ ዛፍ ቆረጠ ከተባለ፣ ወሬው ከእናንተ ቀድሞ ቀበሌው ይደርሳል።

ወንዝ ላይ ደንቡ አጭር ነው። ውኃው ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም ወለሉ የማይታይ ከሆነ አትሻገሩ። ደራሽ ውኃ እናንተ ባላችሁበት ሳይዘንብ ከላይ ዘንቦ የሚመጣ ስለሆነ የሰማዩ ጥራት አያታልላችሁ። አብዛኛው ትንሽ ወንዝ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል።

ስለ ዕቃ ስንናገር፣ አንድ ሰው ከ10 ኪሎ የማይበልጥ የግል ሻንጣ ይበቃዋል። የሰኞ ገበያ ወፍራም ላስቲክና የጎማ ቦቲ ከየትኛውም ውድ ቦርሳ ይበልጣሉ። ላስቲኩን የምታደርጉት ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ነው፤ ልብሱና ወረቀቱ መጀመሪያ በላስቲክ ይታሠር፣ ከዚያ ማዳበሪያ ወይም ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ከውጭ የተሸፈነ ላስቲክ ፖርቶ መጋላ ላይ በገመዱ ይቀደዳል፣ የገባው ውኃም መውጫ አያገኝም። የቆዳ ጫማ በሳምንት ውስጥ ይሻግታል፤ ተዉት። ካልሲ 6 ጥንድ ያዙ፣ ማታ ማታ እግራችሁን አድርቁ፤ ቀኑን ሙሉ ረጥቦ የዋለ እግር ይላጣል፣ የተላጠ እግር ደግሞ ይመረቅዛል። የመመዝገቢያ ቅጽ በእርሳስ ይሞላ፤ እርጥበት የነካው የእስክሪብቶ ቀለም ይፈስሳል፣ የሰውዬውም ታሪክ አብሮ ይጠፋል።

ስንቅ ላይ ወሎዬ ጎበዝ ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ። በሶው ክዳኑ በሚጠብቅ ቆርቆሮ ይሁን። ድርቆሽ ግን ለዚያ አገር አይሆንም፤ ከተከፈተ በኋላ እርጥበቱን ይስባል፣ ይሻግታል። እዚያ ስትደርሱ ያገሩን ምግብ ብሉ። ቆጮ፣ ጎደሬ፣ በቆሎ፣ ማር አለ። የጤፍ እንጀራ ፍለጋ አስተናጋጆቻችሁን አታስጨንቁ፤ አንድ ኪሎ የወሎ በርበሬ ይዞ መሄድ ግን መልካም ስጦታ ነው።

ገንዘብ በጥሬው፣ በዝርዝር ያዙ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም ባንኩም አብረው ይጠፋሉ፤ ሞተረኛው ደግሞ የ200 ብር ዝርዝር ላይኖረው ይችላል።

ወደ ወባው ልመለስ፤ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ መከላከያውም በአብዛኛው የአልጋ ጉዳይ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መድኃኒት የተነከረ አጎበር፣ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር የሆኑ 4 ገመዶች፣ 4 ሚስማር። ገመዱና ሚስማሩ ያልተያዘለት አጎበር ብዙ ጊዜ እንደ አንሶላ ተለብሶ ያድራል፤ ገላ ላይ ባረፈ አጎበር ትንኟ በቀዳዳው በኩል ትነክሳለች። አጎበሩ ከሰውነት ርቆ ይወጠር፣ ጫፉ ዙሪያውን ከፍራሽ ሥር ይግባ። ሲታጠብ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ መድኃኒቱን ያጠፋዋል፣ ጥላ ላይ ይድረቅ።

መከላከያ ክኒንን በተመለከተ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ሲሆን፣ ከመግባት 2 ቀን በፊት ተጀምሮ ከወጡ በኋላ ለ28 ቀን ይቀጥላል። እዚያ 14 ቀን የሚቆይ ሰው እንግዲህ 44 ፍሬ ያስፈልገዋል። ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻዎቹ 28 ላይ ነው፤ ደሴ ገብቶ ብርዱን ሲያገኝ ጨረስኩ ይላል። መድኃኒቱ ግን የሚሠራው ከጉበት ወጥቶ ደም ውስጥ በገባው ወባ ላይ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ሌሊት የነከሰችው ትንኝ ያስገባችው ተሕዋስ ገና በመንገድ ላይ ነው። ክኒኑን ምግብ በልታችሁ በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት፣ ወዲያው አትተኙ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ቆዳንም ለፀሐይ ያሳስሳል። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡር የሆነች አባል ደግሞ ወደ ወባ አገር ለበጎ ፈቃድ ባትሄድ ይመረጣል።

ትኩሳት የያዘው ሰው በዚያው ቀን ይመርመር። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ ኮአርተም የሚባለው ክኒን ይታዘዛል፤ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ፣ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ በድምሩ 24። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተዋጠ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቆም ደግሞ በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ቢጫ ወባ ሌላ በሽታ ነው፤ ስሙ ያመሳስለዋል እንጂ በቫይረስ የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ያ ደቡብ ምዕራብ ክፍል 30,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ በሚገመት የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተመቷል። ክትባቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ሲሆን፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መሆን አለበት። ፈጣን ወንዝ ዳር በቀን የምትነክሰው ትንሽ ጥቁር ዝንብ ደግሞ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳውን የኦንኮሰርካን ትል ታስተላልፋለች፤ ለአጭር ጊዜ እንግዳ አደጋው ትንሽ ነው፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ግን አይለያችሁ።

ውኃ ላይ ለደሴ ሰው የሚጠቅም አንድ ስሌት አለ። ደሴ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ 3 ደቂቃ መንተክተክ አለበት፤ ከ2,000 ሜትር በታች፣ ለምሳሌ ቴፒ ላይ፣ ወደ 96 ዲግሪ ስለሚደርስ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። ማገዶ ሲያጥር ይህ ልዩነት ይታያል። ውኃ አጋር የሚባለውን የውኃ ማከሚያ ክሎሪን የምትጠቀሙ ከሆነ ደፍራሹን ውኃ አስቀድማችሁ በነጠላ አጥልሉት፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከጅረት ጎንበስ ብሎ መጠጣት የተከለከለ ይሁን፤ አልቅት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የምትገባው እንዲህ ነው። ለተቅማጥ ኦአርኤስ በቂ ያዙ፤ ካለቀ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይሠራል። ጨው ከዚህ እንዳይበዛ።

የወረቀቱ ጉዳይ ከጉዞው 2 ወር በፊት ይጀመር። ቅደም ተከተሉ ከራስ መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ፣ ወደ ዞን ጤና መምሪያ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ቀበሌ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ሲመሠረት መቀመጫው በአራት ከተሞች ተከፋፍሏል፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ። የምትፈልጉት ቢሮ የትኛው ከተማ እንዳለ ሳታረጋግጡ ደብዳቤ ይዛችሁ አትነሡ። ሌላም አለ። ቴፒና ሜጢ ጎረቤት ናቸው፣ ግን ሜጢ በጋምቤላ ክልል ሥር ናት። ለቴፒ የተጻፈ ደብዳቤ ሜጢ አይሠራም። ማህተም ያረፈበት ኮፒ 5 ያዙ፤ የጤና ባለሙያ የሆነ ሁሉ የሙያ ፈቃዱን ይያዝ፣ እዚያ ተቀባይነት ያለው መሆኑንም አስቀድሞ ይጠይቅ።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ዝርዝሩ የባች (የምርት ዙር) ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን ይኑረው። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ዕድሜ የቀረው እንዲሆን ይላል። ቀኑ የተቃረበ መድኃኒት ማራገፍ ርዳታ አይደለም፤ የማስወገዱን ሥራና ወጪ ወደ ድኻ ጤና ጣቢያ ማዛወር ነው። ክትባት ጨርሶ አትሸከሙ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል ለ4 ቀን ማቆየት በአውቶቡስ የሚቻል አይደለም፤ ከሙቀቱ እኩል የሚያስፈራው ደግሞ በረዶው ነው፣ ገና ከፍሪዘር የወጣ በረዶ የነካው የቴታነስና የፔንታቫለንት ክትባት ይበላሻል፣ መልኩ ግን ላይለወጥ ይችላል። ክትባቱ በዞኑ የቅዝቃዜ ሰንሰለት በኩል ይምጣ፤ እናንተ እጃችሁንና ሙያችሁን አምጡ።

ሥራውን ሳታውቁ ግን ዝርዝር አታውጡ። አስቀድሞ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ደውሎ ምን ጎደለ ብሎ መጠየቅ 10 ደቂቃ ይፈጃል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከገመታችሁት ያነሰና የተለየ ነው፤ የተበላሸ ማይክሮስኮፕ የሚጠግን ሰው፣ የማዋለጃ ክፍል የሶላር ባትሪ፣ ወይም የሰለጠነ አዋላጅ ለሁለት ሳምንት፣ ያለችው እኅት ዕረፍት እንድትወጣ። የመጨረሻው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ በጣም ደስ ይለኛል፤ ብቻዋን ዓመቱን ሙሉ የቆመች ሰው ስላለች ነው።

አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለሆነ ከተማ ውስጥ አትቸገሩም። ቀበሌ ስትገቡ ግን ሸኪኖኖ፣ ካፊኖኖ፣ ቤንችኛ ወይም ማጃንግኛ ነው። አስተርጓሚ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ጋር ሆናችሁ ምረጡ፣ አበልም መድቡለት፤ ለሴቶች ሴት አስተርጓሚ ይኑር። ልጅ እናቱን፣ ባል ሚስቱን እንዲያስተረጉም ማድረግ የምርመራውን ግማሽ ይደብቃል። ታላላቆችን አንቱ በሉ፤ በሕመምተኛ ፊት ስለ ንጽሕናው ወይም ስለ ቤቱ በአማርኛ እርስ በርስ አትነጋገሩ፣ የሚሰማ አለ።

ስትመለሱ ቦቲውን ከጭቃው አጥባችሁ አድርቁ፣ የተረፈውን አጎበር እዚያው ለሚያስፈልገው ተዉ፣ ዶክሲሳይክሊኑን ቁጠሩ። ወባ ከተነከሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ7 ቀን በኋላ ነው የሚታየው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። በጥር የሄደ ሰው ትኩሳቱና ብርድ ብርዱ ግንቦት ላይ፣ ቴፒን በረሳበት ጊዜ ሊመጣበት ይችላል። ደሴ ደጋ ናት፤ ትኩሳት ይዞ የመጣን ሰው ያየ ባለሙያ መጀመሪያ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ካርድ ስታወጡ፣ ሳትጠየቁ፣ ከስማችሁ ቀጥሎ ይህን ተናገሩ፤ ጥር ላይ ቴፒ ነበርኩ፣ የወባ ደም ምርመራ ይሠራልኝ።